ጋሽ አዝመራው ሳያሳዩ የቀሩት

በየትኛውም ከተማ፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ እንግዳ ካላስጎበኘ የበላው እህል የማይፈጭለት አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ደሞዝ የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅም የለውም። ያለው ጣት ነው። ያቺን ጣት ወደ አንድ ጋራ ከቀሰረ ደግሞ እንግዳው አንገቱን እስኪያዞር ድረስ አይመልሳትም።

የላሊበላው ጋሽ አዝመራው ይባላሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹ በሌሉበት “ክቡር አመልካች ጣት” ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነው የሚያነጋግሯቸው፤ ግማሾቹን ጂኦግራፊ አስተምረዋቸዋላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከብልባላ እስከ ላሊበላ በየትምህርት ቤቱ ዞረው በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ሲባል ከክፍል ወጡ ማለት ነው እንጂ ከማስተማር አልወጡም።

ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አያሳዩም። “እነሱን ማንም ያሳያል፤ ካህናቱ አሉ፣ ባጅ ያላቸው ልጆች አሉ” ይላሉ። የእርሳቸው ድርሻ የተቀረው ዓለም ነው። ከአሮጌው ገበያ በላይ ከአንድ ሥር ሦስት ሆኖ የበቀለ ወይራ አለ። ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ፣ በስተግራ ተገንጥለው ትንሽ ሲሄዱ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት ገደል አፋፍ አለ። በብልባላ መንገድ ደግሞ ከታች ሲያዩት አንበሳ፣ ከላይ ሲያዩት የምታለቅስ ሴት የሚመስል ድንጋይ አለ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ በጽሑፍ አልሰፈረም፤ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ሰው ርዝመቱን አይቶ አስቀድሞ ይሸሽ ነበር። እንግዳው ዘጠኙን አይቶ እግሩን እየጎተተ ወደ አልጋው ሲመለስ፣ ጋሽ አዝመራው በአሥረኛው መታጠፊያ ላይ ይቆሙና “ይችን ሳታዩማ አትሄዱም” ይላሉ። ሳያይ የሄደ የለም።

አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ያራገፈ የኢሱዙ ሾፌር ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ አገኙት። ሰውየው ከወይራው ሥር ሲመለስ ረዳቱ “ሾፌሬ ጠፋብኝ” ብሎ ለፖሊስ አመልክቶ ጠበቀው። ሌላ ጊዜ ከመቄት ልጅ ለልጃቸው ሊጠይቁ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ወደ ልጅቱ ቤት መንገድ ቢጠይቋቸው፣ በድንጋዩ በኩል አዙረው ወሰዷቸው። ሽማግሌዎቹ የደረሱት ምሳው ቀዝቅዞ፣ የልጅቱ አባት ተቀይሞ ነበር። ነገሩ ታርቆ ጋብቻው እስኪፈጸም ዓመት ፈጀ። ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም ሲገናኙ የሚከራከሩት ስለ ጋብቻው ሳይሆን ድንጋዩ አንበሳ ነው ወይስ ሴት በሚለው ላይ ነው ይባላል። ጥርሱን ሊያስነቅል ጉንጩን ይዞ የሚሮጥ ሰው ሳይቀር “ሕመሙን ያስረሳሃል” ብለው ገደሉ አፋፍ አድርሰውታል። አላስረሳውም።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው ማኅሌት ናት። አባቷ የሠሩት ባለ ስድስት ክፍል ፔንሲዮን በሩ ከጋሽ አዝመራው በር ጋር ፊት ለፊት ነው፤ በመካከል ያለው ባጃጅ ከባጃጅ የማያሳልፍ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ብቻ ነው። እንግዳው በበዛበት ዘመን ትልቁ ሥራዋ አልጋ ማንጠፍ ሳይሆን እንግዶቿን ከጋሽ አዝመራው መደበቅ ነበር። በጓሮ በር ታስወጣቸው ነበር። አንድ ጊዜ ጨንቋት “ዛሬስ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል” ብትላቸው፣ ጋሽ አዝመራው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዳማከሴ ጨምቀው ይዘው መጡ። ምንም ያልነካው ጀርመናዊ የዳማከሴ ጭማቂ በአፍንጫው እየተጨመረለት፣ ዳማከሴው የሚበቅልበትን ቦታ ለማየት ቀጠሮ ያዘ።

ከዚያ እንግዳው ቀረ። መጀመሪያ በሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ጦርነቱ አለቀ ሲባል ደግሞ ሌላ ተኩስ ተጀመረ። ባጅ ያላቸው ልጆች ባጃቸውን ምስማር ላይ ሰቀሉ። አንዱ ባጃጅ መንዳት ያዘ፣ አንዱ አዲስ አበባ ወረደ፣ አንዱ የሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ ገብቶ እርሻ ጀመረ። ማኅሌት ማንም ያልተኛባቸውን አንሶላዎች በየሁለት ሳምንቱ ታጥባለች፤ አቧራው ሰው አለ የለም ብሎ አይጠይቅም።

መንገዱ በተዘጋበትና መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ክረምት የጋሽ አዝመራው ባለቤት ወይዘሮ ባንቺዓለም አረፉ። ስኳር ነበረባቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ጎረቤቱ እኚህ ሰው ከእንግዲህ ከቤት አይወጡም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ተዝካሩ በወጣ በማግሥቱ፣ ጫማ ሊያሰፋ የቆመ አንድ ወታደር ይዘው ወይራው ሥር ታዩ። ወታደሩ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አዝመራው ጠዋት ጠዋት ወደ ማኅሌት መምጣት ለመዱ። አልጠራቻቸውም። በሩ ሲከፈት ይሻገራሉ፣ ከበረንዳው ወንበር በአንዱ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ታመጣላቸዋለች። ትላንት ማንን ምን እንዳሳዩ ይተርኩላታል፤ እሷ ቲማቲም እየከተፈች “እህ” ትላለች። ሻዩ ሲያልቅ ብርጭቆውን ራሳቸው አጥበው ይሄዳሉ። ይህ ሦስት ዓመት አለፈው።

ባለፈው ኅዳር ማኅሌት ቤቱን ለመሸጥ ቆረጠች። እህቷ ገለቴ ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት ከፍታ፣ ነይና አብረን እንሥራ ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ማኅሌት ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ባዶ ክፍል ስጠርግ አርባ ሊሞላኝ ነው ብላ ፈራች። ገዢም ሳይታሰብ ተገኘ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ጡረተኞች። ሚስትየዋ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን በአዋላጅ ነርስነት የጨረሱ ሴት ናቸው፤ እናታቸው የላስታ ሰው ስለነበሩ የቀረውን ዘመናቸውን በቤተ ክርስቲያኖቹ ጥላ ሥር ማሳለፍ ይፈልጋሉ። ባልየው አቶ ሰሎሞን የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ እርሳቸው የሚፈልጉት ሚስታቸው የፈለጉትን ነው፣ ግን አይተው ነው። ሦስት ቀን ተቀምጠን ከተማውን እንየው አሉ።

ማን ያሳያቸው? ባጅ ያለው ልጅ የለም። ማኅሌት አንድ ሌሊት ስታወጣ ስታወርድ አደረችና፣ ጠዋት ሻዩን አስቀምጣ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። እንግዶቿን በገዛ እጇ ለጋሽ አዝመራው ሰጠች።

ቤቱን እንደምትሸጥ የነገረቻቸውም ያኔ ነው። ጋሽ አዝመራው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ መቼ እንደምትሄድ ጠየቁ። ከተሸጠ በኋላ ብዙም እንደማትቆይ ነገረቻቸው። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው አሉ፤ አዎ ሞቃት ነው አለች። ለእንግዶቹ ከተማውን ደኅና አድርገው እንዲያሳዩላት ለመነቻቸው፤ እርሳቸው ካሳዩአቸው ወደው እንደሚገዙ አትጠራጠርም።

“አታስቢ” አሉ ጋሽ አዝመራው። “ሁሉንም አሳያቸዋለሁ።”

አሳዩአቸውም። የመጀመሪያውን ቀን አቶ ሰሎሞንን፣ ከነታመመ ጉልበታቸው፣ በቅሎ ሳይዙ በእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ አሸተን ማርያም አወጧቸው፤ በጭላዳዎቹ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው አለፉ። ሲወርዱ ሰውየው በየአሥር እርምጃው ይቀመጡ ነበር። በሁለተኛው ቀን የተዘጉትን ሆቴሎች አንድ በአንድ አስጎበኙ። እያንዳንዱ በር ላይ ቆመው፣ ይህ በዚህ ዓመት ተዘጋ፣ የዚህ ባለቤት በዚህ ወር ሄደ እያሉ፣ ልክ የነገሥታት የሞት ዘመን እንደሚያስጠኑ ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ቢጫ ጀሪካን የተደረደረበትን የቦኖ ውሃ ሰልፍ አሳዩ፤ ውሃ በስምንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ፣ አንዳንዴም ስምንተኛው ቀን ራሱ እንደሚቀር አስረዱ። ጥይት የበሳው ግድግዳ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን ቆጠሩላቸው። በመጨረሻ መቃብር ወስደው የባለቤታቸውን መቃብር አሳዩአቸው፤ መድኃኒት ሲጠፋ ሰው በስንት ቀን እንደሚደክምም ነገሩአቸው። በሐምሌ ብርዱ አጥንት እንደሚገባ የነገሩአቸው ቆሎ እያቀረቡላቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቶ ሰሎሞን በጨዋ ደንብ፣ ቤቱ በጣም ጥሩ እንደሆነ፣ ማኅሌትም በጣም ጥሩ ልጅ እንደሆነች፣ ነገር ግን በዕድሜያቸው ይህን እንደማይደፍሩት ተናገሩ። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። መኪናው ሲነሳ የማኅሌትን እጅ ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቋት።

“ሰውየው ከተማቸውን አይወዱትም እንዴ?”

ማኅሌት መኪናው ከጠፋ በኋላም እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ አዝመራው ከተማቸውን አይወዱም እንዴ ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። መጀመሪያ እርጅና ነው፣ ረስተው ነው ብላ አስባ ነበር። ቀጥሎ እንግዶቹ ማታ ማታ አየን ያሏትን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች፤ ያላሳዩአቸውንም ቆጠረች። ወይራው የለበትም። ጭላዳዎቹ የሉበትም። ድንጋዩ የለበትም። መንገዱን ተሻግራ በራቸውን ሳታንኳኳ ገባች።

ጋሽ አዝመራው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም።

“ለምንድን ነው ወይራውን ያላሳዩአቸው?” አለች።

“ረሳሁት።”

“እርስዎ?”

መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ለነገሩ ውሸት እንዳልነገሯቸው፣ ያሳዩአቸው ሁሉ በቦታው ያለ፣ በዓይን የሚታይ እንደሆነ ተናገሩ። ማኅሌት ይህን አልጠየቅኩም አለች። ያኔ ጋሽ አዝመራው መሬት መሬቱን እያዩ፣ ተማሪ ሲያጠፋ እንደሚናዘዘው ተናዘዙ።

“ጠዋት የምነሳው በርሽ ሲከፈት ስሰማ ነው” አሉ። “እኔ ሰዓት የለኝም፣ ዶሮ የለኝም። ያ በር ሲያቃስት፣ ነጋ፣ ሰው አለ እላለሁ። እነሱ ቢገዙት ይከፍቱታል፤ አውቃለሁ። ግን አንቺ አይደለሽም የምትከፍችው።”

ቁጣዋ ባይኖር ኖሮ ማኅሌት እዚያው ታለቅስ ነበር። ቁጣዋ ግን ነበረ፤ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነበር፤ ባዶ ስድስት ክፍል ያህል ነበር።

“እኔ የእርስዎ ወይራ አይደለሁም፣ ጋሼ” አለች። “ቆሜ የምታይልዎ።”

በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። ብታላትመው ይሻላቸው ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ አዝመራው አልተሻገሩም። ከዚያ በኋላም አልተሻገሩም። ማኅሌት የመጀመሪያውን ሳምንት እፎይ አለች፤ ሁለተኛውን ሳምንት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድታ አንዱን መልሳ ጀበናው ውስጥ ልትገለብጥ ስትል፣ ሻይ በጀበና እንደማይፈላ ትዝ ብሏት በራሷ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጋሽ አዝመራው ማሳየት መተዋቸው ነው። ሦስት መሬት የሚለኩ ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው በራቸው ላይ ሲያልፉ፣ እርሳቸው ደጃቸው ተቀምጠው “እንደምን ዋላችሁ” ብቻ ብለው አሳለፏቸው። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ሚኒባስ የሚነዳው ከፋለ መጥቶ ማኅሌትን ሰውየው ታመዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። የደብሩ መሪጌታ ጠበል ይወስዷቸው እንደሆን አሰቡ። ጋሽ አዝመራውን ሲያዩ መንገድ ያቋርጡ የነበሩ ሰዎች ሁሉ አሁን ሆን ብለው በደጃቸው ያልፉ ጀመር፤ አንድ አናጺማ በራቸው ላይ ቆሞ “ያ ምን ጋራ ነው ጋሼ?” ብሎ ጠይቋቸው ነበር። “ጋራ ነው” ብለውታል።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። በየካቲት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት የማኅሌት ስልክ ጠራ። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ናቸው።

ጋሽ አዝመራው ደውለውላቸው ነበር። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ፤ ሒሳቡ እያለቀባቸው ይቋረጣል፣ ካርድ ሞልተው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ የከተማውን ክፉ ክፉውን መርጠው ያሳዩት ልጅቱ እንዳትሄድባቸው እንደሆነ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ስለ ውሃው የተናገሩትን ግን አላስተባብልም ብለዋል፤ እውነት ነውና። የቀረውን ሳያዩ ቢወስኑ ኃጢአቱ በእርሳቸው አንገት እንደሚሆን ገልጸው ለምነዋቸዋል።

“በሥራዬ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ የሚያለቅስ ሽማግሌ ግን ሰምቼ አላውቅም” አሉ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ። “ከጾሙ በፊት እንመጣለን።”

ማኅሌት ስልኩን ዘግታ ወደ ማዶ አየች። የጋሽ አዝመራው በር ገርበብ ብሏል። ልትሻገር ፈለገች፤ ምን እንደምትላቸው ግን አጣችው።

ባልና ሚስቱ መጡ። ጋሽ አዝመራው ለአቶ ሰሎሞን ለስላሳ ኮርቻ ያላት በቅሎ ይዘው፣ ሣጥን ውስጥ የከረመ ሸሚዝ አውጥተው ለብሰው ጠበቋቸው። ማኅሌትም ስንቅ ይዛ ተከተለች። አብራቸው ስትሄድ ከልጅነቷ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወይራው ሥር ሲደርሱ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ እጃቸውን ግንዱ ላይ አድርገው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁ፤ ጋሽ አዝመራው አላውቅም አሉ። ማኅሌት ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም ነበር። ወደ አሸተን መንገድ በማግሥቱ ገና በማለዳ ወጡ፣ በመገንጠያው ወደ ግራ ታጠፉ። ጭላዳዎቹ ነበሩ፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ አንዱ የሌላውን ቅማል እየለቀመ፣ ገደሉን እንደ ሶፋ ተደግፈውታል። ከታች እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ሸንተረሩ ተራ በተራ ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። አቶ ሰሎሞን ከበቅሎዋ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዓት አለፈ። ሚስታቸው እንነሳ ሲሏቸው አልሰሙም።

“እዚህ ዝም ብሎ ቁጭ ማለት ይቻላል?” አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ጋሽ አዝመራው ዞረው።

“ጡረታ ሌላ ምን አለው?” አሉ ጋሽ አዝመራው። “ቁጭ ማለት ነው።”

ማኅሌት ከበስተኋላ ቆማ ታያቸው ነበር። በዕድሜዋ ጋሽ አዝመራው ያን ቀን እንዳሳዩት አሳምረው ሲያሳዩ አላየችም። ድምፃቸው አይቸኩልም፤ ሰው አይጎትቱም፤ ጣታቸው ወደ አንድ ነገር ስትነሳ ያ ነገር ገና አሁን የተሠራ ይመስላል። ያማረ ነገር በጨመሩ ቁጥር እርሷን አንድ እርምጃ ከከተማው እያስወጡ እንደሆነ ያውቃሉ። እያወቁ አሳመሩት። ከወረዱ በኋላም በብልባላ መንገድ ወጥተው ድንጋዩ ጋ ቆሙ፤ ባልየው አንበሳ ነው አሉ፣ ሚስትየዋ የምታለቅስ ሴት ናት አሉ። ጋሽ አዝመራው ከማንም ጋር አልወገኑም።

ቤቱ ተሸጠ። ማኅሌት ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ደስታው አልመጣም። የመጣው ከበሽታ የመዳን ዓይነት ድካም ነበር። ሻንጣዋን በሁለት ቀን ጨረሰች። በመጨረሻው ሳምንት ጋሽ አዝመራው እንደ ድሮው ተሻግረው መጥተው ሻይ ጠጡ። ስለ በሩም፣ ስለ ወይራውም አላነሱም። ይቅርታም የጠየቀ የለም፤ ብርጭቆውን አጥበው ሄዱ።

በሄደችበት ጠዋት ከፋለ ሻንጣዋን ሚኒባሱ አናት ላይ ሲያስር፣ ጋሽ አዝመራው ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ተገኙ። መንገድ ላይ ጋሸና ከተማ ወርጄ የምገዛው ነገር አለ አሉ። ምን እንደሚገዙ ከፋለ ጠየቃቸው። እዚያ ስደርስ አስበዋለሁ አሉ። ማኅሌት አጠገባቸው ተቀመጠች።

መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ጋሽ አዝመራው ጀመሩ። በስተቀኝ ያለው ማሳ የማን እንደነበረ፣ ድልድዩ ሳይሠራ ሰው በየት በኩል ይሻገር እንደነበር፣ በዚያች ኩርባ ላይ በየትኛው ዓመት የጤፍ ጭነት ተገልብጦ መንደሩ ለሦስት ቀን ጤፍ ሲለቅም እንደከረመ። ማኅሌት ይህን መንገድ መቶ ጊዜ ሄዳበታለች፤ ያን ጊዜ ሁሉ ወይ ተኝታ ወይ ስልኳን እያየች ነበር። አሁን አየችው። ከፋለ ሬዲዮውን ዘጋ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶችና አንድ ቄስ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ ያዞሩ ጀመር።

ዳገቱን ወጥተው ደጋው ላይ ሲደርሱ ብርዱ ገባ፣ ሜዳው ተዘረጋ። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ገላጣ ነው። ጋሸና ሩቅ አልነበረም። ጋሽ አዝመራው ስለ አንድ የወፍጮ ቤት ተናገሩ። በመስኮቱ ተመለከቱ፤ ጣታቸው ከዘራው ላይ ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። የሚያሳዩት አልቆባቸው ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን የሚያሳዩት ሲያልቅባቸው ማኅሌት አይታ አታውቅም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ማኅሌት ዞር ብላ በኋላው መስኮት አየች። ከሸለቆው ማዶ፣ ከሁሉም በላይ፣ ግራጫ ሆኖ የቆመ ተራራ ነበር።

“ጋሼ” አለች። “ያ ማዶ ያለው ትልቁ ተራራ ማን ይባላል?”

ከፋለ በመስታወቱ ቀና ብሎ አያት። ጋሽ አዝመራውም አዩዋት፤ ቆይተው አዩዋት። ተራራው አቡነ ዮሴፍ ነው። ማኅሌት ከተወለደች ጀምሮ ከቤት በወጣች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነበር፤ በሰባተኛ ክፍል ስሙንና ከፍታውን በደብተሯ ላይ ያስጻፏት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው መልሰው አጠለቁ።

“እሱ?” አሉ። “የእሱ ወሬ ረጅም ነው፣ የኔ ልጅ። ጋሸና እስክንደርስ አያልቅም።”

“ባያልቅም ግድ የለም” አለች ማኅሌት። “ይጀምሩልኝ።”

ከፋለ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ፤ መኪናው ቀስ አለ።